በመከራ ቀን መዝሙር፦ በባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ዘምሬአለሁ። መርሐ ግብር ሲያልቅ በር ላይ ጠብቀው የሚጠይቁኝ ሰዎች አይጠፉም። እናቶች አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፣ ከሆስፒታል ለአፍታ ወጣ ያሉ አስታማሚዎች አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ምክንያቱን እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ በክልላችን የተነሣው ግጭት ነው። የምመልሰው እንደ አንድ ዘማሪ ነው። ሥርዓትን የሚመለከተውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ልቤ ተሰብሮ እያለ መዘመር ማስመሰል አይሆንብኝም?

አይሆንም። ጥያቄው የሚመጣው መዝሙር የደስታ ብቻ ሲመስለን ነው። እስቲ ዳዊትን ግለጡት። ከ150ው መዝሙራት ብዙዎቹ ለቅሶ፣ አቤቱታና ሙግት ናቸው። 12ኛው «አቤቱ፣ እስከ መቼ?» እያለ ይጠይቃል። 21ኛው «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» ብሎ ይጀምራል። ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ የጮኸው በዚሁ ቃል ነው።

87ኛው ደግሞ ይለያል (አንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 88 ይለዋል)። ከሌሎቹ የለቅሶ መዝሙራት አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ወደ ተስፋና ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይህኛው አይዞርም። ወዳጅ ርቆ፣ ጨለማ ከብዶ፣ እዚያው ላይ ያልቃል። ሆኖም ማንም ከዳዊት አላወጣውም። አያቶቻችን በየሳምንቱ ዳዊት ሲደግሙ እሱንም ሳይዘሉ ደግመውታል። እኔ በዚህ በጣም እጽናናለሁ። እግዚአብሔር ፊት እንዲህ ተብሎ መዘመር ከተቻለ፣ የእኔም ሐዘን ከደጁ አይመለስም ማለት ነው።

አንድ ወንድም የያዕቆብን መልእክት ጠቅሶ ሞግቶኛል። «መከራ ያገኘው ይጸልይ፣ ደስ ያለው ይዘምር ይላል፤ ታዲያ ያዘነ ሰው ምን አዘመረው?» አለኝ። ጥሩ ሙግት ነው። ግን ዳዊት ራሱ ጸሎት ነው። በሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ጳውሎስና ሲላስ በእኩለ ሌሊት ወኅኒ ቤት ውስጥ ሆነው ጸሎቱንም ዜማውንም አንድ ላይ አድርገውታል። ሲዘምሩ ጀርባቸው በዱላ ቆስሎ ነበር፤ እግራቸውም በግንድ ተጠርቆ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችንም ለሐዘን ጊዜ ሰጥታዋለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣል። ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። ሕማማት ሲደርስ ዜማው ራሱ ያለቅሳል። ማስመሰል የሚሆነው ውስጣችን እየነደደ «ደህና ነኝ» የሚል መዝሙር ስንመርጥ ነው። የሚያመንን የሚናገርልንን እንምረጥ።

ቀዬዬን ጥዬ ነው ባሕር ዳር የመጣሁት። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ አፌ አይከፈትም። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ አትጨነቂ። ካንቺ በፊትም ያልተከፈተ አፍ ነበር። ወደ ባቢሎን የተማረኩት ሰዎች በወንዙ ዳር ተቀምጠው አለቀሱ። መሰንቋቸውን ዛፍ ላይ ሰቀሉ። «የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን?» አሉ። አለመቻላቸውን የሚናገረው ይህ ቃል 136ኛው መዝሙር ሆኖ እስከ ዛሬ ይዜማል።

አሁን ደግሞ ያለሽበትን ቦታ ልንገርሽ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ነው። በነዚያ ሳምንታት ቅዳሜ ማታ ሊቃውንቱ ቅኔ ማኅሌት ይገባሉ፤ እስኪነጋ ይዘምራሉ። የሚታሰበው የእመቤታችን ስደት ነው። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ሲፈልግ ታቅፋው ወደ ግብፅ ሸሸች። ማኅሌተ ጽጌ በአበባ እየመሰለ ያመሰግናታል። ከእሱ ጋር የሚዜመው ሰቆቃወ ድንግል ግን ለቅሶ ነው። ርሃቡን፣ ጥሙን፣ የበረሃውን መንገድ፣ ልጇን አዝላ የደረሰባትን እንግልት አንድ በአንድ ይቆጥራል። ግእዙን ባትሰሚም አንዱ አባት ቢተረጉሙልሽ የራስሽን መንገድ ታገኚበታለሽ።

እዚሁ ሐይቅ ላይ ጣና ቂርቆስ አለች። አበው እንደሚነግሩን እመቤታችን በስደቷ ዘመን ልጇን ይዛ በዚያች ደሴት 3 ወር ከ10 ቀን ተቀምጣለች። የጣና ዳር ሰው ይህን ሲሰማ ነው ያደገው። ስለዚህ ወደዚህ አካባቢ ማኅሌት ስትገቢ ስደተኛ መሆንሽ እንግዳ አያደርግሽም። የሚዘመርላት እመቤትም ስደተኛ ነበረች።

ጽጌ ሲገባ ቅዳሜ ማታ ነጠላሽን ለብሰሽ ነዪ። መዘመር የለብሽም። የእኛ ዝማሬ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ማውጣት ያልቻለ ይቀበላል። መቀበልም ያልቻለ ግድግዳ ተደግፎ ይሰማል፣ ሌሎቹ ስለ እሱ ይዘምሩለታል። በሞንታርቦ የወጣው ድምፅ ሌሊቱን ሐይቁ ላይ ሲሄድ ከቤቷ መውጣት ያልቻለችም ትሰማዋለች። ቀስ እያለ አፍሽ ይፈታል። የራሱን ጊዜ ይውሰድ።

ለቅሶ ቤት መዝሙር መዘመር ይገባል? ጎረቤቶች ቅር አላቸው።

ቅር ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ 25 ላይ ላዘነ ልብ የሚዘምር ሰው በብርድ ቀን ልብስ እንደሚገፍ ተቆጥሯል። ይህን ቃል እኛ ዘማሪዎች ብዙ ጊዜ አናነሣውም። ማንሣት አለብን። ጥቁር ወደለበሰች እናት ከበሮ ይዘን ገብተን «ደስ ይበልሽ» ብንላት ማጽናናት አይደለም።

ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ መቃብሩ አጠገብ አለቀሰ። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች «አትዘኑ» አላላቸውም። ተስፋ እንደሌላቸው ሆናችሁ አትዘኑ ነው ያላቸው። እኛ የምንከተለው ይህን ነው። የቀብሩ ዕለት ሰው ያልቅስ። በሣልስቱ ወይም ሰው ሲቀንስ በመጀመሪያ የቤቱን ታላቅ ወይም የዕድሩን ሰው እናስፈቅዳለን። ከተፈቀደ ያለ ከበሮ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሁለት መዝሙር ይበቃል። የትንሣኤ ተስፋ ያለበት ይሁን። ከዚያ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት፣ ዝም ብሎ አብሮ መዋል ነው። እንደ እኔ ከሆነ ዝም ብሎ መዋሉ ከመዝሙሩ አያንስም።

በገና በሰማሁ ቁጥር አለቅሳለሁ። ይጎዳኛል?

በገና የተሠራው ለዚህ ይመስለኛል። አሥር አውታር አለው። አውታሩ ከበግ አንጀት ይፈተላል። አውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው ያንን የሚርገበገብ ከባድ ድምፅ የሚሰጠው። ግጥሙም ስለ ሞት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ዓለም ከንቱነት ነው። በዐቢይ ጾም ከቤት ወደ ቤት የሚሰማው እሱ ነው። ማልቀስዎ ጉዳት የለውም። አልቅሰው ሲጨርሱ ቀለል ካለዎት መልካም ነው። ሌሊቱን ሙሉ ብቻዎን እየሰሙ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ካቃተዎት ግን ሰዓቱን ያሳጥሩት፤ ሰው ባለበት ይስሙ።

እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች። አጠገቧ ሆኜ ምን ብዘምርላት ይሻላል?

አዲስ የወጣውን ተወው። እሷ ልጅ ሆና፣ ወይም አንተን አዝላ ሳለች የምትለውን ፈልግ። ትውስታቸው የደከመ አረጋውያን የልጆቻቸውን ስም እየረሱ በልጅነት የያዙትን ዜማ ከነቃሉ ሲወጡት አይቻለሁ። እናትህ ማኅበርተኛ ከነበረች የማኅበሩን መዝሙር፣ የገጠር ልጅ ከሆነች የአጥቢያዋን ታቦት መዝሙር ሞክር። ካላወቅኸው አክስትህን በስልክ ጠይቃት።

ክፍሉ የጋራ መሆኑን አትርሳ። አጠገቧ የተኛው ሙስሊም ሊሆን ይችላል፣ ሌላ እምነት ያለው ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አድሮ ገና እንቅልፍ የወሰደው ምስኪን። ስልክ በድምፅ ማጉያ አይከፈትም። ጆሮዋ ሥር ሆነህ በቀስታ አዚምላት፣ እጇንም ያዛት። ካልቻልክ አንዱን የኤርፎን ጫፍ ለእሷ፣ አንዱን ለራስህ አድርግ። ራሷን ስታ ቢሆን እንኳ ቀጥል፤ ትሰማህ ይሆናል።

አስታማሚም ሰው ነው። እሷ ስትተኛ ወጥተህ ሐይቁ ዳር ትንሽ ተራመድ። ለራስህም ዘምር።

ልጄ ድንገተኛ ድምፅ ስትሰማ ትርበተበታለች። መዝሙር ይረዳታል?

ይረዳታል፣ ከእርስዎ አፍ ከሆነ። ቴሌቪዥን ላይ ከፍተውላት ወደ ጓዳ ከገቡ ብዙም አይሠራም። ማታ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንድ አጭር መዝሙር፣ አቅፈዋት። ልጅ የለመደችው ነገር ሲደጋገምላት ትረጋጋለች። ድንጋጤው ከብዶ ከሰነበተ፣ ሌሊት እያባነናት ወይም ምግብ እየከለከላት ከሆነ ሐኪም ይያት።

ድብርት ይዞኛል። መዝሙር ብቻ ይበቃኛል?

ሁልጊዜ አይበቃም። ይህን ግልጽ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ በዝምታ ብዙ ሰው እየተጎዳ ነውና።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ዳዊት ለሳኦል በገና ይመታለት ነበር። ሳኦልም ይቀለው፣ ያርፍም ነበር። ይህን ሁላችንም እንጠቅሳለን። ሁለት ምዕራፍ አልፈን ስናነብ ግን ያው ዳዊት በገና እየመታ ሳለ ያው ሳኦል ጦር ወረወረበት። ዜማው ያው ነው፣ ደርዳሪውም ያው ነው። መዝሙር ያሳርፋል፤ ሕመምን ሁሉ ግን አይነቅልም።

እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ከተዘጋ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ከጨለመ ሳምንታት ካለፉ ሐኪም ጋ ይሂዱ። እዚህ ከተማ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አላቸው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ዛሬውኑ፣ የሚያምኑትን ሰው ይዘው። የጀመሩትን መድኃኒት ጸበል ስለገቡ አያቋርጡ። መጽሐፈ ሲራክ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር እንደፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣው ይናገራል። ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማነስ አይደለም። መዝሙሩ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሂድ።

ድምፄ አያምርም። ግእዝም አይገባኝም።

እግዚአብሔር ድምፅ አይመርጥም። በአማርኛ ይዘምሩ። ከግእዙ በየሳምንቱ አንድ መስመር ከነትርጉሙ ይያዙ። ይበቃል።

ኢንተርኔት ሲጠፋ መዝሙሩም ጠፋብኝ። ምን ይሻላል?

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲጠፋ ይህ ጥያቄ የሁላችንም ነበር። ዩቲዩብ የለ፣ ቴሌግራም የለ። ያን ጊዜ ሚሞሪ ካርድ ላይ የጫነ ሰው የሰፈሩ ባለጸጋ ሆነ። ስለዚህ አሁኑኑ የምትወዱትን አውርዳችሁ በስልካችሁም በፍላሽም አስቀምጡ። በብሉቱዝ ለጎረቤት ስጡ።

ከዚያ የሚበልጥ ግን አለ፤ በቃል መያዝ። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ዜማውን የሰጠን። ሦስቱ የዜማ ስልቶች ግእዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ይባላሉ። ያ ዜማ አንድ ሺህ ዓመት ያህል የዜማ ምልክት ሳይኖረው ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። ምልክቱ የተሠራው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመን ነው። ሠሩት የሚባሉት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ዘመኑን አስቡት። ከግራኝ አሕመድ ጋር የተደረገው ጦርነት አገሩን ያራቆተበት ጊዜ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ነበር፤ መጻሕፍት ጠፍተው፣ ሊቃውንትም አልቀው ነበር። የተረፉት ሰዎች ቁጭ ብለው ዜማው እንዳይጠፋ ምልክት ሠሩለት። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ ልቤ ይሞላል። ዛሬ በድጓው፣ በያሬድ የዜማ መጽሐፍ ላይ፣ ከፊደሉ በላይ የምናያቸው ትንንሽ ምልክቶች የጦርነት ዘመን ሰዎች ተስፋ ናቸው። ከእነሱ በኋላ ለሚመጣ ለማያውቁት ዘማሪ ነው የሠሩት።

ዛሬም የቆሎ ተማሪ የሚያጠናው በቃሉ ነው። እኛ ሙሉ ድጓ አይጠበቅብንም። አምስት መዝሙር፣ ከዳዊትም 22ኛውንና 50ኛውን ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ይያዝ። መብራት ጠፍቶ፣ ስልክ ባትሪ ጨርሶ፣ በሰዓት እላፊ ቤት ተዘግቶ ሲመሽ ያኔ ጥቅሙ ይታያል።

ፕሮቴስታንት ጎረቤቴ ሐዘን ላይ ናት። አብሬያት ልዘምር?

መጀመሪያ ሄደሽ አጠገቧ ተቀመጪ፤ እንጀራም ይዘሽላት ግቢ። እሷ ስትዘምር በአክብሮት ስሚ። ዳዊትን ሁለታችሁም ታምኑበታላችሁና አንድ መዝሙር አብራችሁ ብታነቡ ማንም አይጎዳም። በማን ጉባኤ፣ የትኛውን መዝሙር የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ተዪው።

ዘመርኩ፣ ጸለይኩ፤ ምንም አልተለወጠም። ለምን እቀጥላለሁ?

ይህን የሚጠይቀኝን ሰው በአጭር ቃል መሸኘት አልፈልግም። የምር የደከመ ሰው ጥያቄ ነው።

ጳውሎስና ሲላስ ሲዘምሩ ምድር እንደምትናወጥ አያውቁም ነበር። እኛ ታሪኩን ከመጨረሻው ስለምናውቀው መዝሙሩን የበር መክፈቻ አድርገን እንሰብከዋለን። ለእነሱ ግን መዝሙሩ በሩ ተዘግቶ እያለ ነው። ሌላም ሰው አለ፤ ዕንባቆም። በዳዊታችን መጨረሻ ላይ ከነቢያት ጸሎት ጋር ጸሎቱ አለች። በለስ ባታፈራ፣ ወይን ፍሬ ቢያጣ፣ እርሻው እህል ባይሰጥ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። ከዚያ በኋላ በለሱ አፈራ፣ በጎቹም ተመለሱ የሚል መስመር የለም። ጸሎቱ የሚያልቀው በረቱ ባዶ እንደሆነ ነው።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ፣ ከዐቢይ ጾም የዜማ መጽሐፍ፣ ነው። በቤተ ሳይዳ 38 ዓመት የተኛው ሰው ይታሰብበታል። ውኃው ሲናወጥ ሌላው እየቀደመው፣ የሚያወርደው ሰው አጥቶ፣ 38 ዓመት። ቤተ ክርስቲያን ለጠበቀ ሰው አንድ ሙሉ እሑድ ሰጥታዋለች። ወንድሜ፣ አንተም ከእሱ ጋር ተቆጥረሃል። መዘመር ሲያቅትህ አቁም፤ ከጉባኤው ግን አትጥፋ። የሚሻለው የሚመጣበትን ቀን እኔ ልነግርህ አልችልም። ክርስቶስ ወደ ተኛው ሰው ራሱ እንደሄደ ግን አምናለሁ። ሰውዬው አልጠራውም ነበር።

ከየት ልጀምር?

በአጥቢያችሁ ካለው ሰንበት ትምህርት ቤት። በየደብሩ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠብቃችሁ አንዱን ዘማሪ አነጋግሩ። ለመመዝገብ የደብሩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በዩኒቨርሲቲው ፔዳም ሆነ ፖሊ ግቢ ያላችሁ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤያችሁን (የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረት) ፈልጉ፤ ከቤተሰብ ርቆ ለሚጨነቅ ልጅ ትልቅ መጠጊያ ነው። በገና መማር ለሚፈልግ የሚያስተምሩ ሰዎች ከተማው ውስጥ አሉ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ክፍል ያገናኛችኋል። መንገድ ሰላም ሲሆን ደግሞ በጀልባ ዘጌ ተሻገሩ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም አዝዋ ማርያም ቅዳሴ አስቀድሱ። ጀልባው ማለዳ ስለሚነሣ ከባለ ጀልባው ጋር ከዋዜማው ተነጋገሩ፤ ሴቶች የማይገቡባቸው የደሴት ገዳማት ስላሉም ከመነሣታችሁ በፊት አጣሩ።